የሚስ ኖራ ግራ እግር

አባባ የመጣው ቅዳሜ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ከሩብ ላይ ነው። ከኤርፖርት ተመልሰን የአፓርትመንታችንን በር ስንከፍት ማይክሮዌቩ ሦስት ከሩብ ይል ነበር፤ እኔም እማዬ እንዳስተማረችኝ በጣቶቼ ስድስት ጨምሬ ዘጠኝ ላይ ደረስኩ። በፈረንጆች አቆጣጠር ሁለት ሺህ አምስት፣ ኅዳር ውስጥ ነበር። ኮሎምቢያ ሃይትስ በምትባል የፈረንጅ አገር ከተማ፣ ሁለተኛ ፎቅ ላይ፣ እኔና እማዬ ብቻ ነበር የምንኖረው።

አባባ የእማዬ አባት ነው። ሻንጣውን ገና ሳያስቀምጥ የዓመቱ የመጀመሪያ ስኖው መውረድ ጀመረ። እማዬ በመስኮት አየችና፣

"አባዬ፣ እግርህ እርጥብ ነው!" አለችው።

ወደ እግሩ አየሁ። ጥቁር ጫማው ያብረቀርቃል፤ አንዲት ጠብታ የለበትም። ቢሆንም ሮጬ ከመታጠቢያ ቤት ፎጣ አመጣሁለት። ሁለቱም እስኪያነቡ ሳቁብኝ።

"እግረ እርጥብ ማለት እኮ ሲመጣ ዝናብና በረከት ይዞ የሚመጣ እንግዳ ማለት ነው" አለችኝ እማዬ። "እዚህ እንግዲህ ስኖውም ይቆጠርለት።"

ፎጣውን ይዤ ቆሜ ቀረሁ። ያኔ ያፈርኩት ትንሿን እፍረት ነው። ትልቋ ገና ነበረች።

ከዓመታት በኋላ፣ ባለፈው ወር፣ ሲዋርድ የሚባል ሰፈር ውስጥ አንዲት ጠባብ ሱቅ ቡትሴን ላስጠግን ገብቼ፣ ማስቲሽ የሚሉት የጫማ ሙጫ ሽታ አፍንጫዬን ሲመታኝ ያ ክረምት መጣብኝ። ሰውየው "ረቡዕ ነይ" አለኝ። ደረሰኙን ሳልቀበል ወጣሁ።

አባባ ሻንጣውን ሲከፍት በርበሬና ዳቦ ቆሎ ነበር የጠበቅኩት። እነሱም ነበሩ። ከሥራቸው ግን በጋዜጣ የተጠቀለሉ ስድስት የእንጨት እግሮች ወጡ፤ ጣት የላቸውም፣ ከቁርጭምጭሚት ላይ የተቆረጡ ናቸው።

"አባባ፣ የማን ናቸው?"

"የደንበኞቼ" አለኝ፣ አንዱን በእጅጌው እየወለወለ።

ከዚያ በኋላ ለሳምንት ያህል እግሬን በብርድ ልብስ ጠቅልዬ ተኛሁ።

ፎርማ ይባላሉ። ጫማ የሚሰፋው በእነሱ ላይ ተወጥሮ ነው። ያኔ ግን ማንም አልነገረኝም። እማዬ ስታያቸው ፊቷ ተለወጠ።

"ያን ሁሉ ኪሎ ለእነዚህ አጠፋኸው?"

"እጄ ሥራ ከሚፈታ ብዬ ነው።"

እማዬ ፎርማዎቹን፣ ወስፌውን፣ መዶሻውንና የክር ጥቅሉን አንድ ላይ ሰብስባ አባባ የሚተኛበት አልጋ ሥር ገፋቻቸው። ከዚያ እኔን መታጠቢያ ቤት አስገብታ በሩን ዘጋች።

"ሰው አያትሽ ምንድን ነበር የሚሠራው ብሎ ከጠየቀሽ ሪታየርድ ነው፣ ጡረታ ወጥቷል በይ። ሌላ አትጨምሪ። አበሻ ከሆነ ደግሞ ጭራሽ።"

"ለምን?"

"በቃ፣ ሶሲ።"

የደንበኞች እግር፣ ሹል ወስፌ፣ ለማንም አትንገሪ። አንድ ላይ ሳገጣጥመው አያቴ አገር ቤት ትልቅ ወንጀል ሠርቶ ያመለጠ ሰው ሆነ። እወደው ነበር፤ ስለዚህ ላልናገርበት ወሰንኩ።

እማዬ ሽማግሌዎች የሚጦሩበት ነርሲንግ ሆም ውስጥ ትሠራ ስለነበር ብዙ ቀን ከምሽት በፊት አትመጣም። ከስኩል ባስ ስወርድ አባባ ትከሻው የሰፋበትን ኮት ለብሶ ይጠብቀኛል። የሰው ፊት አያይም፤ ጫማ ነው የሚያየው። "ይቺ ልጅ ተረከዟን ወደ ውጭ ትጥላለች" ይላል፣ ወይም "የዚህን ሰውዬ ጫማ የገዛችው ሚስቱ ናት፤ አንድ ቁጥር ይጠበዋል።" ቤት ስንገባ ጫማዬን አውልቄ ስወረውር አንዱ ሌላው ላይ ከወደቀ "መንገድ አለሽ" ይለኛል። ከተገለበጠ ግን ቀልድ የለም፤ ጎንበስ ብሎ ያቃናዋል። እግሬን እንቅፋት ከመታኝ የሚጠይቀኝ አመመሽ ወይ ብሎ አይደለም። "ቀኝ ነው ግራ?" ይላል። ግራ ከሆነ ያን ቀን ፈተና ባይኖርሽ ይሻላል ይለኝ ነበር።

አልጋ ሥር የተገፋው ዕቃ ብዙ አልቆየም። መጀመሪያ የእማዬ የሥራ ጫማ ሶሉ ተላቀቀ። ቀጥሎ የእኔ ቡትስ ዚፑ ተበላሸ። አባባ መስኮቱ ሥር ጋዜጣ አንጥፎ፣ ክሩን በሰም እያሸ፣ ጥርሱን ነክሶ ይሰፋል። እማዬ ከሥራ ስትመጣ ማስቲሹ ይሸታታል፤ በዚያ ብርድ መስኮት ትከፍታለች።

"አባዬ፣ ጎረቤት ይሸተዋል እኮ!"

"ይሽተት። ሽታ ኪራይ አይጨምር።"

ከእኛ በታች፣ ምድር ቤት፣ ሚስ ኖራ የምትባል አሮጊት ትኖር ነበር። የልጇ ልጅ ኤሚሊ የክፍሌ ልጅ ናት፤ ወላጆቿ ሥራ ላይ ሲሆኑ እሷ ዘንድ ትውላለች። እኔ ክፍል ውስጥ አልናገርም ነበር። መምህሯ ስትጠራኝ እንኳ ጠረጴዛዬን ነው የማየው። ታዲያ አንድ ቀን ባስ ውስጥ ኤሚሊ ዘወር ብላ፣

"ያ ሽማግሌ አያትሽ ነው? ምንድን ነው ሥራው?" አለችኝ።

"ሪታየርድ ነው።"

"ከምን?"

እማዬ ለዚህኛው ጥያቄ መልስ አልሰጠችኝም። አልጋው ሥር ያሉት እግሮች ታወሱኝ።

"የእግር ዶክተር ነበር" አልኩ።

ኤሚሊ ቦርሳዋን ከጎኗ አነሳችና "እዚህ ተቀመጪ" አለችኝ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ባስ ውስጥ ቦታ ነበረኝ። አንድም ሰው ከዚያ በፊት ቦታ ይዞልኝ አያውቅም።

ከሁለት ሳምንት በኋላ፣ አንድ ሐሙስ ከትምህርት ቤት መልስ፣ በራችን ተንኳኳ። ሚስ ኖራ ናት፤ ኤሚሊ ከኋላዋ። አባባ የእማዬን የሥራ ጫማ ጨርሶ ኪችን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦት ነበር። ሚስ ኖራ ገና ሰላም ሳትል ጮኸች።

"ጫማ ጠረጴዛ ላይ! አውርደው! አውርደው!"

"ምን ይላሉ?" አለኝ አባባ።

"ጫማ ጠረጴዛ ላይ ከተቀመጠ ከቤቱ ሰው ይሞታል ትላለች።"

"ትላለች አይባልም። ይላሉ። ትልቅ ሰው ናቸው።"

ጫማውን ግን ከአፌ ቀድሞ አውርዶት ነበር። ጋዜጣው ላይ ጎን ለጎን አስተካክሎ አቆመው።

"እኛ ዘንድ ደግሞ ጫማ ከተገለበጠ ጠብ ይመጣል በያቸው።"

ነገርኳት። ሚስ ኖራ ወንበር ስባ ተቀመጠች። ወላጆቿ ከአየርላንድ ገጠር የመጡ ገበሬዎች ናቸው፤ የእሷ አያት እግር የታጠቡበትን ውሃ ሳትደፋ አትተኛም ነበር፤ ውሃው ቤት ውስጥ ካደረ ደጅ ላሉት መናፍስት በር ይከፍትላቸዋል። አባባ ይህን ስተረጉምለት ራሱን ነቀነቀ፤ "አዋቂ ናቸው" አለ። እሷ ትናገራለች፣ እኔ እተረጉማለሁ፣ እሱ ይጨምራል። በአሥር ደቂቃ ውስጥ እነማን እንደሚሞቱና እነማን እንደሚጣሉ ሁለቱ ተስማምተው ጨረሱ። እንደዚያ ስናገር ድምፄ ለራሴ አዲስ ነበር።

ከዚያ ሚስ ኖራ ግራ እግሯን ዘረጋች። "ዶክተር፣ ኤሚሊ ነግራኛለች። ይህችን እግሬን ብታይልኝ ብዬ ነው የመጣሁት። ልጅ ሳለሁ ታምሜ አጥራ ቀረች።"

ዶክተር የሚለውን ቃል ዋጥኩት።

"ስለ እግራቸው ነው የመጡት። ታመው አጥሮ ነው" አልኩ።

የአባባ ፊት በራ። "ከመጣሁ ጀምሮ ደረጃው ላይ ስሰማቸው ነው የከረምኩት! ግራው ሁለት ጣት ያህል ያጥራል። ሶሉን ከፍ ባደርግላቸው ወገባቸው ያርፍ ነበር። ጫማቸውን ያውልቁና እግራቸውን ልለካ በያቸው።"

ካርቶን ቀደደ፣ እርሳስ ከጆሮው ላይ አወረደ፣ ወለሉ ላይ ተንበረከከ። ወስፌው፣ መዶሻው፣ የተከፈተው የማስቲሽ ቆርቆሮ፣ ሁሉም እዚያው ጋዜጣው ላይ ነው። ኤሚሊ አንድ በአንድ ታያቸዋለች።

"ምንድን ነው የሚያደርገው?" አለችኝ በሹክሹክታ። "ዶክተሮች መዶሻ አላቸው?"

እንዳልሰማሁ ሆኜ ለሚስ ኖራ "ጫማሽን አውልቂ ይላል" አልኳት።

ሚስ ኖራ ቀላች። እግሯን ወንበሩ ሥር ሸሸገችና በሳቅ፣ "ኧረ በጭራሽ! ይህችን አስቀያሚ እግሬን ማንም እንዲነካት አልፈቅድም! ጥፍሬን እንኳ አልቆረጥኩም!" አለች።

ሳቁን አውቀዋለሁ። እማዬ ሰው ቤት "በቃኝ፣ በቃኝ" እያለች ሳህኗን የምታሸሸው እንደዚያ እየሳቀች ነው። የሚቀጥለው "በሞቴ" ነው። አባባ ቃሏን እንዳለ ቢሰማ ኖሮ "በሞቴ" ይላት ነበር፤ እሷም ታወልቅ ነበር። ይህ ሁሉ ገብቶኛል። ግን ጫማዋ ከወለቀ አባባ ይለካል፣ ከለካ ይሰፋል፣ ከሰፋ ኤሚሊ ታውቃለች።

"ምን አሉ?" አለ አባባ፣ ከወለሉ ቀና ብሎ።

"አትንካኝ አለች" አልኩት።

በዚህኛው ጊዜ "አለች አይባልም" አላለኝም።

ለሚስ ኖራ ደግሞ "ደክሞታል" አልኳት። "ሪታየርድ ነው።"

"ይቅርታ፣ ይቅርታ" እያለች ወጣች። አባባ እዚያው እንደተንበረከከ በሩን አየው።

"ማን ነገራቸው?" አለኝ።

"ምኑን?"

ተነስቶ በሳህን ማጠቢያ ሳሙና እጁን ታጠበ። አበቃ ስል እንደገና ይጀምራል።

በማግስቱ ዕቃው ሁሉ አልጋ ሥር ተመልሷል፤ በዚህኛው ጊዜ የገፋው ራሱ ነው። ከዚያ በኋላ ደረጃ ላይ የሚስ ኖራን ኮቴ ከሰማ ይቆማል፤ ኮቱን ወደ ራሱ ሰብስቦ፣ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ፣ እስክታልፍ ይጠብቃል። ጨርቁ እንኳ እንዳይነካት ነበር። እኔ የተቆጣ መሰለኝ። ቁጣ ያልፋል ብዬ ዝም አልኩ። አንድ ቀን ሚስ ኖራ ፖስታ ሳጥኑ ጋ አገኘችኝና፣

"አያትሽን አስቀየምኩት እንዴ?" አለችኝ።

"ጆሮው አይሰማም" አልኳት። አንዱ ውሸት ሌላውን ይጠራል፤ ባስ ውስጥ ቦታዬ ግን አልተነካም።

እስከ ባሱ ድረስ መምጣቱንም ተወ። በመስኮት ያየኛል እንጂ አይወርድም። እንቅፋት መታኝ ስለው "አይዞሽ" ብቻ ይለኛል፤ ቀኝ ይሁን ግራ አይጠይቅም።

ጥር ውስጥ፣ አንድ ዓርብ፣ እራት በልተን እኔ ክፍሌ ገብቼ የቤት ሥራ እየሠራሁ፣ ድምፃቸውን ከኪችን ሰማሁ።

"ቲኬቱን አስቀድሚልኝ" ይላል አባባ።

"ገና ሁለት ወርህ እኮ ነው! እስከ ፋሲካ ትቆያለህ ተባብለን!"

"እዚህ ማንም አያውቅም አልሽኝ። ይኸው ፈረንጇ አወቁ።"

"ምን አወቁ?"

"ፋቂ መሆኔን።"

ቃሉን የማውቀው መሰለኝ። እማዬ ወጥ ስትሠራ "ሶሲ፣ ካሮት ፋቂ" ትለኛለች። አባባን ካሮት ፋቂ ያለው ማን ነው? ይህ ለመሄድ ያበቃል? እስክሪብቶዬን ይዤ በሩ ላይ ቆምኩ። እማዬ አየችኝ። ወደ ክፍሌ መልሳኝ አልጋዬ ላይ ተቀመጠች።

እስክሪብቶዬን ከእጄ ወሰደች። ከዚያ ነገረችኝ። ፋቂ የሚባለው ቆዳ የሚያለፋ፣ ጫማና ኮርቻ የሚሰፋ ሰው ነው፤ ቃሉ ግን ስድብ ነው። ልጅ ሆና ገጠር ሲኖሩ ጎረቤት ቡዳ ናቸው ይላቸው ነበር። ድግስ ላይ ለእነሱ የሚቀርበው ከዳሱ ውጭ፣ በኮባ ቅጠል ነበር። ጓደኞቿ እሷ በጠጣችበት ጣሳ አይጠጡም። አዲስ አበባ የገቡት ከሰው መሃል ለመጥፋት ነው።

"አባዬ የሠራውን ጫማ ተጫምተው ቤተ ክርስቲያን ይሄዳሉ" አለችኝ። "ከእጁ ግን ውሃ አይቀበሉም። እጁ እንዳይነካቸው ገንዘቡን መሬት ላይ ነበር የሚያስቀምጡለት። እኔ ደግሞ ይህን ሁሉ አገር አቋርጬ መጥቼ ዕቃውን አልጋ ሥር ደበቅኩበት።" አፍንጫዋን በእጅጌዋ ጠረገች። "ግን ሚስ ኖራ በምን አወቀች? አንቺ ነገርሻት?"

"አይ" አልኩ።

እውነት ነበር። በሕይወቴ ከተናገርኳቸው እውነቶች ሁሉ እንደዚያ የሚያሳፍር የለም።

"ነገ ደውዬ ቲኬቱን እለውጥለታለሁ" አለችና መብራቴን አጥፍታ ወጣች።

በማግስቱ ጠዋት እማዬ ልብስ ልታጥብ ላውንድሪ ስትወርድ ተከትያት ወጣሁ፤ እሷ ወደ ቤዝመንቱ ስትቀጥል እኔ የሚስ ኖራን በር አንኳኳሁ። የከፈተችልኝ ኤሚሊ ናት፤ ፒጃማ ለብሳ ሲሪያል ትበላለች። ባትኖር ብዬ ጸልዬ ነበር።

"አያቴ ዶክተር አይደለም" አልኩ። "ጫማ ሰፊ ነው። ያን ቀን ጫማ ከፍ አድርጎ ሊሠራልሽ ነበር፣ ሚስ ኖራ። አንቺ ያልሽውን እኔ አበላሽቼ ነገርኩት። እጁ እንዳይነካሽ የተጸየፍሽው መሰለው። ሊሄድ ነው።"

ኤሚሊ ማንኪያዋን አፏ ውስጥ ረሳችው። "ታዲያ ለምን ዶክተር አልሽኝ?"

ሚስ ኖራ እጇን ወደ እሷ አንስታ ዝም አሰኘቻት። አልተቆጣችም፤ ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር።

"የኔ አያት አሥራ አራት ዓመት እስኪሞላው በባዶ እግሩ ነበር የሚሄደው" አለች። "ጫማ ሰፊ ወደ መንደራቸው ሲመጣ እሳቱ አጠገብ ያለውን ወንበር ይለቁለታል። የቤቱ ሰው ሁሉ እስኪጫማ ድረስ እያበሉ ያሳድሩታል። በይ ክንድሽን ስጪኝ።"

ደረጃውን አንድ በአንድ ወጣን። በሩን ስከፍት አባባ ግድግዳው ጋ ቆሟል፤ ኮቴዋን ሰምቷል።

"አባባ፣ አትንካኝ አላሉም" አልኩት። "እግራቸው አስቀያሚ ስለሆነ አፍረው ነው። እየሳቁ ነበር። እኔ ነኝ ያልኩት።"

"አንቺ?"

"እኔ።"

"ለምን?"

"አፍሬ።"

"በማን?"

መልሱን ያውቅ ነበር። እኔም እንደሚያውቅ አወቅኩ። ወለሉን ሳይ የሚስ ኖራ ግራ ጫማ ከእግሯ ወልቆ፣ ካልሲውም ተከትሎት ሲወድቅ አየሁ። ወንበሩ ላይ ተቀምጣ ባዶ እግሯን ወደ እሱ ዘርግታለች፤ ነጭ፣ ቀጭን፣ ጣቶቹ የተደራረቡ እግር። አባባ ቆሞ አየው። ከዚያ አልጋው ሥር ገብቶ ዕቃውን ጎትቶ አወጣ፤ ካርቶን አነጠፈና ተንበረከከ። ተረከዟን መዳፉ ላይ አሳረፈው።

ሚስ ኖራ አንድ ነገር አለች። ልተረጉም አፌን ስከፍት አባባ ቀና ሳይል እጁን አነሳ።

"ተይ። እኛው እንግባባለን።" ድምፁ ውስጥ ቁጣ አልነበረበትም። "ለእናትሽ ብቻ ንገሪልኝ። ይህ ሥራ አራት ወር ይፈጅብኛል በያት። እስከ ፋሲካ አልጨርሰውም።"

ወጥቼ ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ። ኤሚሊ ሲሪያሏን ይዛ መጣችና ከእኔ አንድ ደረጃ ዝቅ ብላ ተቀመጠች፤ አጠገቤ አይደለም። ከውስጥ የሁለቱ ሳቅ ይሰማል።

"ምን እየተባባሉ ነው?" አለችኝ።

"አላውቅም።"

እማዬ የልብስ ቅርጫቱን ታቅፋ ከታች ስትመጣ አየችን።

"እዚህ ምን ታደርጊያለሽ?"

"አባባ የሚስ ኖራን ጫማ እየሠራ ነው" አልኳት። "አራት ወር ይፈጅብኛል፣ እስከ ፋሲካ አልጨርሰውም ብሏል።"

"ቀስ በይ!" አለች እማዬ፣ ከልማዷ፣ ወደ ጎረቤት በሮች ዞር ዞር ብላ። ከዚያ የነገርኳት ገባትና ቅርጫቱን ደረጃው ላይ አስቀመጠችው።

"ምንድን ነው ያልሻት?" አለች ኤሚሊ።

ቃል በቃል ነገርኳት።